ድንቹን ከቅዝቃዜ ሲወጣ ፈትኑት

ድንች የምታዳቅሉ ልጆቼ፣

ሐዋሳ ላይ ቺፕስ ጠብሳ የምትሸጥ አንዲት ወጣት «ድንቹ አዲስ ሳለ ቺፕሱ ወርቅ ይመስላል፤ ፍሪጅ ከርሞ ሲጠበስ ለምን ይጠቁራል?» ብላ ጠየቀችኝ። የቆየ ቁጭቴን ነው የነካችው። ዝርያ ሲመረጥ ዓይናችን ኩንታሉ ላይ ነው፤ መጥበሻውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ድንች 4 ዲግሪ ላይ ሲቀመጥ አይበቅልም፤ ስታርቹ ግን ወደ ስኳር ይዞራል። ኢንቨርቴዝ የተባለው ኢንዛይም ሱክሮሱን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሰነጥቀዋል። እነዚህ በጋለ ዘይት ከአሚኖ አሲድ ጋር ሲገናኙ ቺፕሱ ይጠቁራል፣ ይመርራል፤ አስፓራጂን ከተባለው አሚኖ አሲድ ጋር ሲሆን አክሪላማይድ የተባለ ለጤና የሚያሰጋ ውህድም ይወጣል። ዘይት መቀየር መፍትሔ አይሆንም። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ክፍል 2 ወይም 3 ሳምንት ማቆየት ስኳሩን ይቀንሰዋል፤ ምን ያህል እንደሚቀንስ ግን ዝርያው ይወስናል።

ስለዚህ የእያንዳንዱን ክሎን (ከአንድ ተክል የተባዛ እጩ ዝርያ) ምርት ለሁለት ክፈሉ። ግማሹን እንደተቆፈረ ጥበሱ፤ ግማሹን ጨለማ ውስጥ በ4 ዲግሪ 3 ወር አቆዩና ሳታሞቁ እንዳወጣችሁት ጥበሱ። ውፍረቱ 1.3 ሚሊሜትር ይሁን፤ እጠቡት፣ አድርቁት፣ 180 ዲግሪ በደረሰ ዘይት አረፋው እስኪቆም ጥበሱት። ስትቆርጡ በርዝመቱ፣ ከተክሉ ጋር ከተያያዘበት ጫፍ ጀምራችሁ ይሁን። ስኳር የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ ወገቡ ላይ አግድም የቆረጠ ሰው አያየውም። ሙቀትና የውሃ እጥረት ይህን ያባብሱታል፤ የሐገረ ሰላም ደጋ ላይ ያማረ ክሎን ሞቅ ባለ ማሳም ይፈተን።

እናንተ ዲኤንኤ ታነባላችሁ፤ ሚዛን መያዝ ግን ይሰለቻችኋል። 3 ኪሎ ድንች ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ 225 ግራም ከመዘነ፣ 3000ን ለልዩነታቸው ለ2775 አካፍሉ፦ 1.081፤ ድንቹ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ ይነግራችኋል። ለቺፕስ ከ1.080 በታች የሆነውን ተዉት፤ ውሃው በዝቶ ዘይት ይጠጣል። ለእኔ ሚዛንና መጥበሻ ካሉ ሌላው ትርፍ ነው።

ትርፍ ማለቴ እንኳ ልክ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው፣ የዱር ድንች ዘር ያለበት ሌናፔ የተባለ ዝርያ ቺፕሱ ያማረ ነበር፤ መርዛማው ግላይኮአልካሎይድ ስለበዛበት በ1970 ከገበያ ተነሣ። ዛሬም ስመ ጥሩ የቺፕስ ዝርያ የሆነው ስኖውደን ግን ከዚያው ዘር ይወለዳል። ስለዚህ ከዱር ዘመድ ጋር ካዳቀላችሁ፣ ክሎኑን ለገበሬ ከመስጠታችሁ በፊት ላቦራቶሪ ላኩት።