ጥያቄና መልስ፦ መጻሕፍቱን ስካን አድርገን እናስወግድ?

ጥያቄ፦ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ታብሌት ስለመጣልን የታተሙት መጻሕፍት ስካን ተደርገው ይወገዱ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ስካኑን አድርጉ፤ መጻሕፍቱን ግን እባካችሁ አታስወግዱ። መብራት ሲጠፋና ባትሪ ሲያልቅ የሚያገለግለው መደርደሪያው ነው። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን የፊደላችን ጉዳይ ነው።

ስካን የተደረገ ገጽ ፎቶ ነው። ቃል እንዲፈለግበት ፊደል የሚለይ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ በነፃ የሚገኘው ቴሰራክት አማርኛ ያነባል። ኅትመቱ የደበዘዘ ከሆነ ግን የፊደሉ ትንሿ ቅጥያ ትጠፋና «ቡ» «በ» ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ በጥቁርና ነጭ ሳይሆን በግራጫ፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ርዝመት በሚነሡ ነጥቦች ብዛት) ስካን አድርጉ፤ ፊደሉ ደቃቅ ከሆነ 400 ይሁን። ጥቁርና ነጩ ቀጫጭን መስመሮችን ይበላል። የተነበበውንም ሰው ከገጹ ጋር ያመሳክረው።

ሌላም ችግር አለ። መጽሐፉ ላይ «ፀሐይ» ተብሎ የታተመውን ተማሪው «ጸሀይ» ብሎ ቢፈልግ አያገኘውም። መፍትሔው ጽሑፉን ሳይነኩ በመፈለጊያው ማውጫ (ፕሮግራሙ ቃል በሚፈልግበት ዝርዝር) ብቻ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ማጠቃለል ነው፤ ተማሪው የሚጽፈው ቃልም በዚያው መንገድ ይለወጥ። ይህ ካልተሠራ መጽሐፉ ኮምፒውተሩ ውስጥ እያለ እንደሌለ ይቆጠራል።

በሙጫ የተጠረዘን መጽሐፍ በስካነር መስታወት ላይ አትጫኑት፣ ጀርባው ይሰነጠቃል። በከፊል ከፍታችሁ ደግፉትና በካሜራ ከላይ አንሱት።

በግራጫ 300 ዲፒአይ የተነሣ አንድ የኤ4 ገጽ ሳይታመቅ 8.7 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 200 ገጽ ወደ 1.7 ጊጋባይት ይደርሳል። ዋናውን ጥራቱን ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው የምስል ፋይል ዓይነት፣ በቲፍ አስቀምጡ፤ ለተማሪ ፒዲኤፍ ይበቃል። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ። በየስድስት ወሩ ጥቂት ፋይሎችን ከፍታችሁ እዩ፤ ሃርድ ዲስክ ሳያስጠነቅቅ ይበላሻል።

የቅጂ መብትም አለ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የመጽሐፉ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የቅርብ ጊዜ መጽሐፍ ገዝታችኋል ማለት በየታብሌቱ ማባዛት ትችላላችሁ ማለት አይደለም፤ የባለመብቱን ፈቃድ ጠይቁ።

ሥራውን አንድ ቅጂ ብቻ ካላቸውና ወረቀታቸው መሰባበር ከጀመረ መጻሕፍት ጀምሩ። ብዙ ቅጂ ያላቸው የመማሪያ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ይድረሱ።