የብራይትነስ ቁልፍ አልሠራ ስላለ ኪቦርድ እንዳታስቀይሪ

እህቴ፣ «ኡቡንቱ አፕዴት ካደረግሁ ወዲህ የአይዲያፓዴ ብራይትነስ መጨመሪያና መቀነሻ አልሠራ አለ፣ ጥገና ቤት ኪቦርዱ ይቀየር አሉኝ፣ ላስቀይር ወይ?» ላልሽው፦ እንዳታስቀይሪ። እኔን ያየሽ ተቀጪ። የኔም ላፕቶፕ አይዲያፓድ ነው፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚያሠራውም ኡቡንቱ 22.04 ነው፣ ስለዚህ ያንቺም ጣጣ የኔው ነው ብዬ ልቀጥል። በስልክ ስለምጽፍ ፊደል መቀያየር ሰልችቶኛል፤ ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ፣ አንቺ በእንግሊዝኛ ምቺያቸው።

1. መጀመሪያ የድምፅ ቁልፉን ሞክሪ። እሱ ከታዘዘሽ ኤፍኤን ቁልፍሽ ደህና ነው። ቀጥሎ ብራይትነሱን ተጫኚና ስክሪኑን እይ። መለኪያዋ ብቅ ብላ ከፍ ዝቅ የምትል ከሆነ ቁልፉ መልእክቱን አድርሷል ማለት ነው። ሰምቶ እንዳልሰማ የሆነው ሌላ ነው።

2. በቀኝ በኩል ከላይ ያለውን ሜኑ ክፈቺና የብራይትነሱን ማንሸራተቻ በማውዝ ጎትቺው። ብርሃኑ ንቅንቅ ካላለ ኪቦርዱ ከደሙ ንጹሕ ነው። ማውዝ የጎተተው ነገር ውስጥ ኪቦርድ ምን አግብቶት? ይቺን የአምስት ሰከንድ ፍተሻ ባለማድረጌ ነው 4,200 ብር የገበርኩት።

ነሐሴ 2015 ነበር፣ ኡቡንቱ ከርነሉን (ሃርድዌሩን የሚያዝዘውን የሲስተሙን እምብርት) ከ5.19 ወደ 6.2 ያሻገረልን ሰሞን። ላፕቶፑ ሪስታርት አድርጎ ሲነሳ ስክሪኑ ሙሉ ብርሃን ላይ ተቸክሎ ቀረ። እኔ ደግሞ ማታ መብራት አጥፍቼ ነው የምሠራው፤ ዓይኔ ሊፈስ ደረሰ። ቁልፉን ስጫን መለኪያዋ ትመጣለች፣ ትወርዳለች፣ ባዶ ትሆናለች፤ ስክሪኑ ግን እንደ ስታዲየም መብራት ቦግ እንዳለ ነው። እዚያው መንቃት ነበረብኝ። አልነቃሁም።

ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ገና ሲከፍተው «ዊንዶውስ የለውም እንዴ?» አለኝ። «አፕዴት ካደረግሁ ወዲህ ነው እኮ…» ብዬ ልጀምር ስል እጁን አወዛወዘብኝ። «ወንድም፣ እኔ ልሥራ ወይስ አንተ ትሠራለህ?» ሦስት ቀን አቆዩት። የኔ ሞዴል ኪቦርድ በብሎን የሚፈታ አይደለም፣ በቀለጠ ፕላስቲክ ከላይኛው ክዳን ጋር የተያያዘ ነው፤ እየሰበሩ ነው የሚያነሡት። አንድ በአንድ የለጠፍኳቸው የአማርኛ ፊደሎችም አብረው ሄዱ። ቤቴ ገብቼ ከፈትኩት። ቁልፉን ተጫንኩ። መለኪያዋ ወረደች። ስክሪኑ ያው ስታዲየም።

በንዴት ማውዙን ይዤ ማንሸራተቻውን የጎተትኩት ያን ሌሊት ነው።

3. አሮጌውን ከርነል አስነሺ። ላፕቶፑ ሲነሳ የአምራቹ ምልክት እንደጠፋ ኤስኬፕን አንዴ ብቻ ንኪ (ደጋግመሽ ከመታሽው ግራብ የሚባለው የሲስተሙ ማስነሻ ጥቁር መጻፊያው ላይ ይጥልሻል፣ እኔን ጥሎኛል)። በሚመጣው የግራብ ሜኑ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተሽ ዝቅተኛ ቁጥር ያለውን ምረጪ። ብርሃኑ ከታዘዘ ጥፋቱ የአዲሱ ከርነል ነው። እስኪስተካከል ድረስ አሮጌውን ከርነል እንዳታጠፊ፣ መመለሻሽ እሱ ነው።

የኔ በአሮጌው ሠራ። ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ ምክንያቱን አገኘሁት። ድሮ ከርነሉ ለአንድ ስክሪን ሁለት ሦስት የብርሃን መቆጣጠሪያ ያስመዘግብና ምርጫውን ለሌላ ይተወው ነበር። ከ6.1 ጀምሮ ግን አንዱን ራሱ መርጦ እሱን ብቻ ያስመዘግባል። ባብዛኛው ልክ ይመርጣል፤ የኔን ሳተው። ስላሽ ሲስ፣ ስላሽ ክላስ፣ ስላሽ ባክላይት የሚለውን ፎልደር ስከፍት ያለው «ኤሲፒአይ ቪዲዮ ዜሮ» የሚባለው መቆጣጠሪያ ብቻ ነው። በአሮጌው ከርነል ግን «ኢንቴል ባክላይት»ም ነበር።

ማስተካከያው አንድ ቃል ነው። ግራብ ሜኑ ላይ አዲሱ ከርነል ላይ ቆመሽ «ኢ»ን ተጫኚ፣ «ሊኑክስ» ብሎ የሚጀምረውን መስመር ፈልጊ፣ መጨረሻው ላይ ከ«ኳየት ስፕላሽ» በኋላ ክፍት ቦታ ትተሽ ኤሲፒአይ፣ የታች ሰረዝ፣ ባክላይት፣ የእኩል ምልክት፣ ኔቲቭ ብለሽ ጻፊ። ኤፍ 10 ስትጫኚ ይነሳል። የሚሠራው ለዚያች አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ቢሳሳት አትፍሪ፣ ሪስታርት ስታደርጊ ይጠፋል። ኔቲቭ እምቢ ካለሽ ቬንደር፣ ከዚያ ቪዲዮ ብለሽ ሞክሪ። የሚሠራውን ስታገኚ ስላሽ ኢቲሲ፣ ስላሽ ዲፎልት፣ ስላሽ ግራብ በሚለው ፋይል ውስጥ ኳየት ስፕላሽ ካለበት ጥቅስ ውስጥ አስገቢውና «ሱዶ አፕዴት ግራብ» በይ፤ በአፕዴትና በግራብ መሃል ሰረዝ አለች።

መለኪያዋ ጭራሽ ካልመጣችና ዋይፋይና ድምፅም አብረው ከጠፉ ጉዳዩ ሌላ ነው። ያኔ «ሊኑክስ ሞጁልስ ኤክስትራ» የሚባለው ፓኬጅ ለአዲሱ ከርነል መጫኑን እይ፣ ቁጥሩ ከከርነሉ ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት።

ጥገና ቤቱ ተመልሼ ሄጄ በማውዝ፣ በቁልፍ፣ በሁለቱም ከርነል አሳየሁት። «ኪቦርዱም ማርጀቱ አልቀረም ነበር» አለኝ። የሁለት ዓመት ላፕቶፕ! የአዲሱ ኪቦርድ ስፔስ እስከ ዛሬ ሲጥ ሲጥ ይላል። አንቺ ማውዙን ሞክሪና ባክላይት ፎልደር ውስጥ ያገኘሽውን ስም እዚሁ ጻፊልኝ፣ ማታ ማታ እገባለሁ።