አምፖሉን ማን አጠፋው?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ትዕግስቴ ስላለቀ ነው የምጽፍልዎ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ የትራክ ሹፌር ነው፤ ሳምንቱን መንገድ ላይ ይከርማል። ለገና የስምንት ዓመት ልጃችንን ላስደስት ብሎ፣ እኔን ሳያማክር፣ እንሽላሊት ገዝቶለት መጣ። ቢርድድ ድራገን ይሉታል። ገና ሕፃን ነው፣ ከነጭራው ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም። ልጄ "አንበሴ" የሚል ስም አወጣለት። ባለቤቴ የመስታወት ሳጥኑን ገጣጠመ፣ አምፖሎቹን ሰቀለ፣ በነጋታው ትራኩን አስነስቶ ሄደ። እኔ ከአውሬው ጋር ቀረሁ።

ይኸው ከመጣ ጀምሮ አይበላም። ክሪኬት የሚሉትን ፌንጣ መሳይ ነገር ከነሕይወቱ እየገዛሁ እለቅለታለሁ። እኔ! በረሮ ሳይ ወንበር ላይ የምወጣው ሴትዮ! እሱ ዞር ብሎም አያያቸው። ሌሊት ሲጮሁ እንቅልፍ ይነሱኛል። ቲማቲም ቆረጥኩለት፣ እንቁላል ቀቀልኩለት፣ እንጀራም ፈረፈርኩለት። ምንም። ለባለቤቴ ስደውል "ይለምዳል፣ ተይው" ይለኛል። እሱ ምን አለበት፣ ኦሃዮ ነው ያለው።

ያላደረግኩለት ነገር የለም። ፀሐይ እንዲያገኝ መስኮት ሥር አስጠግቼዋለሁ። ጠዋት ስንወጣ ቤቱ እንዳይቃጠል፣ የመብራቱም ሂሳብ እንዳይቆልል አምፖሎቹን አጠፋለሁ። ማታ ልጄ እንዲያየው አበራለታለሁ። አጠገቡ ቁጭ ብሎ "አንበሴ ብላ፣ በናትህ ብላ" ሲል አንጀቴን ይበላዋል።

በቃ ሰለቸኝ። ያሰብኩት ልጁ ትምህርት ቤት እያለ ለሱቁ መልሼ፣ ሲመጣ "ሞተ" ልለው ነው። ቢያለቅስም ይረሳዋል። ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?

የተማረረች እናት

እህቴ፣

ባልሽን ለጊዜው ተይው። "አምፖሎቹን አጠፋለሁ" ያልሽው ነው የከነከነኝ። እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽው አለፍሽ።

እንሽላሊት እንደ እኛ ከውስጡ አይሞቅም። ሙቀቱን ከውጭ ነው የሚያገኘው። የአንቺው ደግሞ ዘሩ ከአውስትራሊያ በረሃ ነው። በደንብ ካልሞቀ ሆዱ ምግብ አይፈጭም። አንቺ በዚህ ብርድ ቀኑን ሙሉ ያለ ሙቀት አቆይተሽ፣ ሊተኛ ሲል ፀሐይ ታወጭበታለሽ። ምን ብሎ ይብላ? አለመብላቱ ከብርዱ ነው እንጂ ጥጋብ አይደለም። ስለዚህ አፉን ከፍተሽ በግድ እንዳትሰጪው። ጉርሻ ለሰው ነው።

የመስኮቱም ፀሐይ አይቆጠርም። ካልሲየም ወደ አጥንቱ እንዲገባ ዩቪቢ የሚባል ጨረር ያስፈልገዋል፤ እሱ ደግሞ በመስታወት አያልፍም። የክረምት መስኮት የሚያመጣለት ብርድ ብቻ ነው። ከዚያ አንሽው።

ሁለቱም አምፖሎች፣ የሙቀቱም የዩቪቢውም፣ ቀን ለ12 ሰዓት ያህል ይብሩ፣ ማታ ይጥፉ። በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር ርካሽ ነው። የእሳቱን ስጋት አልንቅብሽም፣ ትክክል ነሽ። የሙቀት አምፖሉ የሸክላ ሶኬት ላይ ይሁን፣ እንዳይወድቅ ጠብቆ ይታሰር፣ መጋረጃ አይጠጋው። ሽቦ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትርም ግዢ፤ መስታወት ላይ የሚለጠፈው አይታመንም። አምፖሉ ሥር ከ100 እስከ 110 ፋራናይት ይሁን። ሲበዛበት የሚሸሽበት ሌላው ጫፍ 80 አካባቢ ይበቃዋል።

ምግቡን ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይስጠው፣ ሰውነቱ ሞቆ ስለሚቆይ። ክሪኬቱ በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ስፋት አይብለጥ። የካልሲየም ዱቄት ይነስነስበት። የተረፈውን ማታ ልቀሙ፤ የተራበ ክሪኬት የተኛ እንሽላሊት ይነክሳል። እንጀራውን ለራስሽ። ለወጥ የምትገዢው ጎመን ግን ግሩም ምግቡ ነው፣ ጥሬውን፣ በደቃቁ ተከትፎ። ቆስጣ አታዘውትሪበት፣ ካልሲየሙን ይሻማበታል። ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ጀርም ይዞ ሊሆን ይችላል።

መንጋጋው ከለሰለሰ፣ እግሩ ከተንቀጠቀጠ ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ ግን ሙቀቱን አትጠብቂ። ተሳቢ እንስሳት ወደሚያክም ሐኪም ዛሬውኑ ውሰጂው። ሞቆም በጥቂት ቀን ውስጥ ካልበላ እንዲሁ። ሰገራውን ይዘሽ ሂጂ፣ የሆድ ትል ካለው ያዩለታል።

አሁን መጨረሻ ላይ ወደ ሸጎጥሻት ጥያቄ። አይሆንም! መመለስ መብትሽ ነው፤ ልጁን ቁጭ አድርገሽ፣ "አልቻልኩም" ብለሽው፣ ተሰናብቶት። "ሞተ" ስትይው ግን ምን የሚያስብ ይመስልሻል? ማታ ማታ ብላ እያለ የለመነው እሱ ነው። "እኔ ስላላበላሁት ነው" ይላል። ያልሞተ እንስሳ ሞት በስምንት ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ ልትጭኚ ነው። ይረሳዋል ያለሽስ ማነው? ኃጢአት መሆን አለመሆኑን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። እኔ በደል ነው እልሻለሁ።

በባልሽ ብትናደጂ ግን አልፈርድብሽም። ነፍስ ያለው ነገር ገዝቶ፣ አያያዙን ሳያስረዳ ጥሎ መሄድ ስጦታ አይባልም። ዛሬ ማታ ደውይለት። ታይመሩንና ቴርሞሜትሩን ካለበት ሆኖ ይዘዝ፣ በራሱ ካርድ።