ማሽኑ ርካሽ ይሁን፣ መሮው ግን ስለት ይኑረው

«ጋሼ፣ ይቺ ርካሿ የእንጨት ቶርኖ ትሠራለች ወይስ መጫወቻ ናት?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ልጆች መልሴ አጭር ነው፤ ትሠራለች። ቶርኖ ማለት እንጨቱን እያዞረ በመሮ የሚያስቀርጽ ማሽን ነው። ዕድሜዬን በአናጺነት፣ ከዚያም ውስጥ ብዙውን ከቶርኖ ፊት ቆሜ ነው የገፋሁት። እኔ የለመድኩባቸው ማሽኖች ደግሞ እናንተ የምትንቋትን ያህል እንኳ መልክ አልነበራቸውም፤ ከአንግል ብረት ተበይደው ባገለገለ ሞተር የሚዞሩ ነበሩ። ብዙ ሳሎን ያጌጠው ከነሱ በወጣ የወንበር እግር ነው። እንጨቱ ማሽኑ ስንት እንደተገዛ አያውቅም። የሚያውቀው የሚነካውን ስለት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ከኪሳችሁ ይጀምራል። ያላችሁን ብር በሙሉ በማሽኑ ላይ አታፍስሱ። ግማሽ ያህሉን ለመሮ፣ መሮ ለሚሳልበት ግራይንደርና ለፊት መከላከያ አስቀሩ። ትልቅ ቶርኖ ገዝቶ በደነዘዘ መሮ እንጨት የሚቦጫጭቅ ሰው አይቻለሁ፤ በትንሿ ማሽን እንደ ብርጭቆ የለሰለሰ ሥራ የሚያወጣም አይቻለሁ።

ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠዋ ትንሿ ቶርኖ አብዛኛውን ጊዜ 40 ወይም 45 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም እንጨት ትይዛለች፤ በስፋት ደግሞ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሳህን ታዞራለች። ለቤት ይህ ከበቂ በላይ ነው። የደረጃ መደገፊያ ቋሚ እየቀረጽኩ እተዳደራለሁ ለሚል ግን አትሆነውም፤ ቋሚው ራሱ አንድ ሜትር ሊጠጋ ይችላልና። ፍጥነቷ በቁልፍ ከሚቀያየረውና በቺንጋ ከሚቀያየረው የቱ ይሻላል ካላችሁኝ፣ ለአዲስ አበባ ሰው ቺንጋዋን እመርጣለሁ። የመጀመሪያዋ ምቹ ናት፤ ነገር ግን ውስጧ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የመብራቱን መውጣትና መውረድ አይወድም፤ ሲቃጠል ደግሞ ምትኩን ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ቺንጋና ኩሽኔታ ግን መርካቶ ወርዶ አሮጌውን አሳይቶ አምሳያውን ማምጣት ይቻላል።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ ሊያስደንቃችሁ ሲሞክር አጥፋልኝ በሉት። የሚዞረውን ዘንግ ጨብጣችሁ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁት። ቋ ቋ ካለ ኩሽኔታው አልቋል፤ ይህ ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ መተዊያ ምክንያት አይደለም። ቀጥሎ እንጨቱን በሚያዞረው በማሽኑ ራስ በኩል ያለውን ሹል ጫፍና በሌላው ዳር፣ በጅራቱ በኩል ያለውን ሹል ጫፍ አቀራርባችሁ አገናኙ። ሁለቱ ጫፎች አፍንጫ ለአፍንጫ ካልገጠሙ ራሱና ጅራቱ የተቀመጡበት አልጋ ሳይጠም አልቀረም፤ እሱን ማቃናት ለእናንተ አይደለምና ትታችሁ ሂዱ።

ስለ መብራት የሚፈሩ ወላጆች አሉ። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 370 ዋት ገደማ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይጠጣል። እናታችሁ እንጀራ ስትጋግር ግን በዚያው መስመር አትሥሩ፤ ኃይሉ ሲወርድ ሞተሩ መነሳት አቅቶት እያቃሰተ ይግላል፣ ጥቅልሉም ይቃጠላል። ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ይቆማል፤ እናንተም «ሄደ» ብላችሁ ወደ ደጅ ትወጣላችሁ፤ ማጥፊያው ግን እንደበራ ነው። መብራት ሲመጣ ማንም ሳይነካው ይነሳል፤ ምናልባትም ታናሽ ወንድማችሁ አጠገቡ ቆሞ ሳለ። ኃይል ሲቋረጥ ራሱ የሚጠፋና እንደገና ካልተጫኑት የማይነሳ ማብሪያ አለ፤ ርካሽ ነው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ አስገጥሙ። እስከዚያው መብራት በሄደ ቁጥር ሶኬቱን ንቀሉ።

አሁን ወደ ስለቱ። ከማሽኑ ጋር በሳጥን የሚመጡት መሮዎች ብዙ ጊዜ ለማየት እንጂ ለመሥራት አይደሉም። ሁለት ሦስት ጥሩ መሮ ይበቃችኋል፤ ኤችኤስኤስ (HSS) የሚል ጽሑፍ ያለበትን፣ ሙቀት የሚችለውን ጠንካራ ብረት ፈልጉ። ተራው የካርቦን ብረት ግራይንደር ላይ ግሎ ሰማያዊ ከመሰለ ጥንካሬው ሄዷል፤ ያ ክፍል ተፈግፍጎ እስኪያልቅ ድረስ ስለት አይይዝም። ስለዚህ እሱን እየሳላችሁ ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ ንከሩ። ኤችኤስኤስ 500 ዲግሪ አልፎም ጥንካሬውን አይለቅም፤ እሱን ግን ሲግል ውሃ ውስጥ አትንከሩት፤ ድንገተኛው ቅዝቃዜ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣበታል።

የመሳያው ግራይንደር በደቂቃ 2,850 ዙር የሚሄደው ፈጣኑ ነው ወይስ ከ1,400 ትንሽ ከፍ የሚለው? ሁለተኛው ለጀማሪ እጅ ይቅር ባይ ነው። ፈጣኑ ካላችሁም አትሽጡት፤ ድንጋዩን በነጩ የመሳያ ድንጋይ ቀይሩና በቀስታ ንኩት። ዋናው ግን መሮውን ሁልጊዜ በአንድ ማዕዘን መሳል ነው፤ ለዚህ ከቁራጭ ጣውላ ማስደገፊያ ሠርታችሁ ግራይንደሩ ፊት በቡሎን እሰሩ። በእጅ ስሜት እስላለሁ የሚል ጀማሪ በየጊዜው አዲስ ቅርጽ ይሠራል፤ መሮው በሳምንት ውስጥ ያጥራል። መቼ ልሳል ለሚል ደግሞ ሰጋቱራውን ይመልከት። ከመሮው ስር እየተጠቀለለ የሚወጣ ረጅም ፍቅፋቂ ከሆነ ስለት አለ፤ ዱቄት ከሆነ ወደ ግራይንደሩ ተመለሱ። በደነዘዘ መሮ የሻከረውን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ላስተካክለው ብሎ መታገል ሳንባን መጉዳት ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ከሚባሉት መድቦታል፤ ጭምብል አድርጉ።

አቆራረጡን በጽሑፍ ማስተማር ከባድ ነው፤ ቢሆንም አንድ ነገር ያዙ። መሮው መጀመሪያ ቶርኖው ላይ ያለውን የመሮ ማስደገፊያ ይነካል፣ ቀጥሎ የስለቱ ተዳፋት የሚዞረውን እንጨት ይዳስሳል፣ እጀታውን ቀስ አድርጋችሁ ስታነሱ ነው ስለቱ መብላት የሚጀምረው። ስለቱን በቀጥታ የሚሰካ ሰው መሮው ይነጠቃል፣ እንጨቱም ይፈነቀላል። ረጅም እንጨት ማክበቢያው ትልቁ ጎድጓዳ መሮ ሳህን ውስጥ እንዳይገባ፤ እጀታው ውስጥ የሚገባው ጭራው ቀጭን ስለሆነ ይሰበራል፣ ፊት ላይም ይመጣል።

ፍጥነትን ወጣት ሁሉ ይወዳል። 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው እንጨት በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ በዚያ ፍጥነት የተሰነጠቀ እንጨት ምን እንደሚሆን አስቡት። በ600 ዙር ግን ከ30 አይበልጥም። ሰፊና ያልከበበ እንጨት በዝግታ፣ ቀጭኑ ብቻ በፍጥነት። ከማብራታችሁ በፊት በእጃችሁ አንድ ዙር አዙሩት፣ ስታበሩም ከፊቱ ገለል በሉ። ጓንት፣ ነጠላ፣ ሰፊ እጅጌ፣ የአንገት ሐብል፣ ያልታሰረ ጸጉር ከቶርኖ አጠገብ አይቀርቡም።

እንጨት ከየት ይመጣል? ዋንዛ ለቶርኖ የተፈጠረ ይመስለኛል፤ ለስላሳ ነው፣ ቀለሙም ያምራል። ነገር ግን ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ እየጠፉ ስለሆነ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በሕግ ተጠብቀዋል፤ ስለዚህ ግንድ አትፈልጉ፣ የአናጺ ቤት ቁራጭ ፈልጉ። እናንተ የምትጠቀሙት ክንድ የማይሞላ እንጨት ለእነሱ ማገዶ ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ ከፈረሱት ቤቶች የወጣ የበር መቃንና የበረንዳ እንጨት ካገኛችሁ፣ ዘመናት የደረቀ ነውና አትለፉት፤ ብቻ ምስማር እንዳይኖርበት ማግኔት አስጠግታችሁ ፈትሹ፣ አሮጌ ቀለሙንም አትፋቁ፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ ቀለም የነካውን ጎን በመጋዝ ቆርጣችሁ ጣሉት። ባሕር ዛፍ በየቦታው አለ፤ ለመዶሻ እጀታ ጥሩ ነው፣ ለሳህን ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። እርጥብ እንጨት ከያዛችሁ ሁለቱን ጫፍ በሻማ ቀብታችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። የበጋው ፀሐይ ላይ ከተዋችሁት ሳትጠቀሙበት ይሰነጠቃል።

ሁላችሁም ሳህን ልሥራ ትላላችሁ። ሙቀጫ የሚለኝም አለ፤ ጥልቅ ጉድጓድ በትንሽ ማሽን መቆፈር የጀማሪ ሥራ አይደለም። በሞረድ እጀታ ጀምሩ፤ ከዚያ የረከቦት እግር። አንዱን መቅረጽ ቀላል ነው፤ አራቱን አንድ ዓይነት ማድረግ ግን ሙያ የሚለይበት ነው። ቀጭን ጣውላ ላይ የመጀመሪያውን እግር መስመሮች በእርሳስ አስፍሩና በእያንዳንዱ እግር ላይ እያስጠጋችሁ ምልክት አድርጉ፤ ውፍረቱን በካሊፐር ለኩ። ዓይናችሁን አትመኑ።

ለማጠናቀቂያ ንጹህ ሰም ማሽኑ እየዞረ በጨርቅ ቁራጭ ሳይሆን በወረቀት ቀቡ፤ ወረቀቱ ቢጠለፍ ይቀደዳል፣ ጨርቅ ግን ጣት ይዞ ይሄዳል። የተልባ ዘይት የምትቀቡም፣ ዘይት የጠጣውን ወረቀትም ሆነ ጨርቅ ጨምድዳችሁ ሰጋቱራ ውስጥ አትጣሉ። ሲደርቅ ራሱን እያሞቀ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል፤ ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት።