በአንዲት ሽቦ የተኛው ሮቦት

ጥያቄ፦ ጠፈርተኞችን የሚያግዝ ሮቦት የግድ ሰው መምሰል አለበት?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። ነገር ግን በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ፣ መፍቻና መያዣ ብረት ሁሉ ለሰው እጅ የተሠራ ነው። ናሳና የመኪና አምራቹ ጄኔራል ሞተርስ ሮቦኖት 2 የተባለውን ሰው መሰል ሮቦት ሲሠሩ ብዙ የደከሙት ለእጁ ነበር። እያንዳንዱ እጅ 12 ዓይነት እንቅስቃሴ አለው፤ አውራ ጣት 4፣ ጠቋሚውና የመሐል ጣት ሦስት ሦስት፣ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት አንድ አንድ። መፍቻ ሲይዙ የራስዎን እጅ ልብ ብለው ይዩት፤ ሁለቱ የዳር ጣቶች ከመጨበጥ የዘለለ ሥራ የላቸውም። ጣቶቹን የሚስቡት ሞተሮች ክንዱ ውስጥ ሆነው እንደ ጅማት ባሉ ገመዶች ስለሚጎትቱ፣ መዳፉ የሰው እጅ ያህል ቀጭን ሆኖ ቀርቷል። ጭንቅላቱን ካሜራዎች ስለያዙት ኮምፒውተሮቹ የተቀመጡት ሆዱ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ እዚያ ሄዶ የሠራው ቁም ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በዲስከቨሪ መንኮራኩር ተጭኖ ሄደ፤ በ2012 ደግሞ ከአየር ማስገቢያዎቹ የሚወጣውን ነፋስ ለካ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ግን ክብደት በሌለበት ሞቃት አየር ወደ ላይ አይወጣም፤ ማራገቢያው ከደከመ ጠፈርተኛው የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፊቱ ላይ ይከማቻል። ስለዚህ ልኬቱ በየጊዜው መደገም አለበት። ሰው ሲለካ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሹም ንባቡን ያዛባል። ሮቦቱ አይተነፍስም፤ መለኪያውንም ሳያነቃንቅ ይይዛል። እኛ ሮቦት ለጠፈር ያስፈልጋል የምንለው ለእንዲህ ያለው አሰልቺ ግን ሕይወት የሚጠብቅ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ወደ መሬት መለሱት?

መልስ፦ ጣጣው የመጣው ከእግሩ ጋር ነው። መጀመሪያ ከወገቡ በላይ ብቻ ነበር፤ በ2014 ሁለት እግር ተላከለት። እያንዳንዳቸው 7 መጋጠሚያ ያላቸው ረጃጅም እግሮች ናቸው፤ ጫፋቸው ላይም በመርገጫ ፋንታ መያዣ ብረት ላይ የሚቆልፍ መጨበጫ አለ። እዚያ የሚረገጥ ወለል ስለሌለ ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። (በ2019 የተላከው የሩሲያው ሮቦት ስካይቦት ኤፍ-850 ለመሬት የተሠራ እግሩን እንደያዘ ስለሄደ እግሩ አልጠቀመውም።)

እግሩ ከተገጠመ በኋላ ግን ኃይሉ አንዴ እየመጣ አንዴ እየጠፋ አስቸገረ። ለካስ ኤሌክትሪኩ ተመልሶ የሚወጣበት አንድ ሽቦ ጎድሎ ነበር። ኤሌክትሪክ መመለሻውን ካጣ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ለዚያ ባልተሠሩ ቀጫጭን መስመሮች ሲያልፍ ክፍሎቹን ቀስ በቀስ ይጎዳቸዋል። ጉዳቱ ባንድ ጊዜ ስለማይታይም ምንጩን ማግኘት ያዳግታል። ጠፈርተኞቹ እዚያው ሊጠግኑት ቢሞክሩም አልሆነላቸውም፤ በ2018 ድራገን በተባለችው የጭነት መንኮራኩር ተጭኖ ለጥገና ተመለሰ።