ለወጣቶች፦ የአየር ንብረት ዳታ ከመክፈታችሁ በፊት

እኔ በሙያዬ ኦዲተር ነኝ። የአየር ንብረት ሳይንስ አልተማርኩም። ግን ሥራው ራሱ እየጎተተ እዚያ አስገባኝ፤ ምክንያቱም ዛሬ ብድር የሚሰጠውም፣ መድን የሚሸጠውም፣ ድልድይ የሚያስገነባውም ሰነዱ ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ የዝናብ ወይም የሙቀት ቁጥር ያስገባል፣ ያንን ቁጥር ደግሞ አንድ ሰው አይቶ «ያስኬዳል» ወይም «አያስኬድም» ማለት አለበት። እናንተም ግብርና ብታጠኑ፣ ጋዜጠኛ ብትሆኑ፣ ሶፍትዌር ብትሠሩ አንድ ቀን ይደርሳችኋል።

ወጣቶች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «በምን ልማር? ፓይተን ነው? ምን ኮርስ ልውሰድ?» ነው። በዚህ ብዙ አትጨነቁ። የአንድ ቦታ የ40 ዓመት ወርሃዊ ዝናብ 480 መስመር ነው፤ ኤክሴል ይበቃዋል። ዳታውም አብዛኛው በነጻ ይገኛል። ለልምምድ ሃዋይ ውስጥ በማውና ሎዋ ተራራ ላይ ከ1958 ጀምሮ የሚለካውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን አውርዱ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያኔ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 315 ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ420 በላይ ነው። ግራፉን ራሳችሁ ሥሩት። በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ሲል ታያላችሁ፣ ዕፅዋት ሲለመልሙ ስለሚስቡትና ሲረግፉ ስለሚለቁት፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የማይመለሰውን አቀበት ታያላችሁ። የወቅት መዋዠቅና የረጅም ጊዜ ለውጥ እንዴት እንደሚለያዩ ለማየት ከዚህ የተሻለ ዳታ አላውቅም።

ከባዱ ሌላ ነው። ቁጥሩ ከየት መጣ? ማን ለካው፣ በምን ለካው፣ ከምን ጋር አነጻጸረው? የሙያ በሽታ ይሆናል፣ እኔ ድምሩን ከማየቴ በፊት ደረሰኙን ነው የምፈልገው።

«ከምን ጋር?» የሚለውን እንያዝ። እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ ሞቃቱ 2024 ነው። ስንት ሞቀ? ናሳ 1.28 ዲግሪ ይላል። የአውሮፓ ኅብረት የአየር ንብረት አገልግሎት የሆነው ኮፐርኒከስ 0.72 ይላል። ያው ኮፐርኒከስ ሌላ ቦታ ላይ 1.60 ይላል። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ደግሞ 1.55። ይሄን ያየ ሰው «እርስ በርሳቸው እንኳን አይስማሙም» ብሎ ይስቃል። ግን ናሳ ያነጻጸረው ከ1951 እስከ 1980 ካለው አማካይ ጋር ነው። 0.72 የመጣው ከ1991 እስከ 2020 ካለው ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ያ ዘመን ራሱ ስለሞቀ ልዩነቱ ያንሳል። 1.60 እና 1.55 ደግሞ ከ1850 እስከ 1900 ካለው ጋር። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችው ትንሽ ልዩነት ነች የስሌት ልዩነት የምትባለው። መነሻ ዘመኑ ያልተጻፈበት የሙቀት ቁጥር ካያችሁ አትጥቀሱት፤ በቃ። ደግሞ አንድ ዓመት 1.5ን አለፈ ማለት፣ አገሮች ሙቀቱን በ1.5 ዲግሪ ለመግታት እንጥራለን ያሉበት የፓሪስ ስምምነት ገደብ ታለፈ ማለት አይደለም፣ ገደቡ የሚታየው በብዙ ዓመታት አማካይ ነው።

«በምን ተለካ?» የሚለውም እንዲሁ። የዝናብ ካርታ ስታዩ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ መለኪያ የተተከለ ይመስላችኋል። አልተተከለም። ቺርፕስ የሚባለው፣ ከ1981 ጀምሮ ያለና እኔ በጣም የምወደው የዝናብ ዳታ፣ ሳተላይት ያየውን የደመና አናት ቅዝቃዜ ወስዶ ከምድር ጣቢያዎች ልኬት ጋር ያዋህዳል። ሳተላይቱ ዝናቡን አላየም፤ ቀዝቃዛ ደመና ነው ያየው። ኢአርኤ5 የሚባለው ደግሞ የትንበያ ሞዴል ከ1940 ወዲህ ያለውን አየር፣ በጊዜው የተለካውን ሁሉ እየተመገበ፣ እንደገና እንዲያሰላ ተደርጎ የተሠራ ነው። ዓለምን በግምት 31 ኪሎ ሜትር ስፋት ባላቸው ሳጥኖች ይከፋፍላታል፣ ተራራና ሸለቆ አንድ ሳጥን ውስጥ ከገቡ አንድ ቁጥር ይጋራሉ። ጠባብ ቦታ ላይ የወረደ ዶፍም ሳጥኑ ሙሉ ላይ ሲዘረጋ ይሳሳል። ለአማካይ ችግር የለውም፤ የቦይ ስፋት ለሚያሰላ ሰው ግን ቀልድ አይደለም።

አሃዱን እዩ ልጆች። ኢአርኤ5 ሙቀትን በኬልቪን ነው የሚሰጠው፣ 273.15 ትቀንሳላችሁ። ብትረሱ 295 ዲግሪ የሚል ቁጥር ራሱ ይጮኽባችኋል። አደገኛው ዝናቡ ነው። በሜትር ነው፣ የወሩ ፋይል ላይ ያለው ደግሞ የቀን አማካይ ነው፤ በ1000 አባዝታችሁ በወሩ ቀናት ማባዛቱን ከረሳችሁ በረሃ ይወጣላችኋል፣ ያውም የሚታመን የሚመስል በረሃ። ከዚያ ጣቢያው ያልለካበት ቀን አለ፣ ብዙ ጊዜ -9999 ተብሎ ይሞላል፤ እሱን አማካዩ ውስጥ ከትቶ ማስላት አንድ ጥፋት ነው፣ በዜሮ መተካት ግን ይብሳል፣ ያልተለካ ቀን ዝናብ ያልዘነበበት ቀን አይደለማ።

አሁን ሰው ወደሚነታረክበት ልምጣ። «ዳታውን ያስተካክሉታል፣ ስለዚህ ያጭበረብራሉ» ሲባል ትሰማላችሁ። ማስተካከሉን ያስተካክሉታል። እኔም የተስተካከለ መዝገብ ሳይ ጆሮዬ ይቆማል፤ ግን የምጠይቀው ለምን ተስተካከለ፣ ዱካውስ አለ ወይ ብዬ ነው። ጣቢያ ቦታ ይቀይራል። ቴርሞሜትር ይተካል። ማታ ይነበብ የነበረው ጠዋት መነበብ ይጀምራል። ባሕር ላይ ደግሞ የድሮ መርከበኞች ውሃውን በባልዲ ቀድተው ነበር የሚለኩት፣ እስኪነበብ ድረስ ውሃው በትነት ስለሚቀዘቅዝ የተጻፈው ቁጥር ከእውነተኛው ዝቅ ይላል። ያ ሲታረም የድሮው ዘመን ትንሽ ሞቅ ይላል፣ በዚህም የተነሳ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ያለው የዓለም ሙቀት ጭማሪ ጥሬው ዳታ ከሚያሳየው ያንሳል። አዎ፣ ያንሳል! ለማጋነን ተብሎ የተደረገ ከሆነ በጣም ደካማ አጭበርባሪ ነው ያደረገው። ጥሬውም የታረመውም ፋይል ክፍት ነው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ሥሏቸው።

ስለ ጊዜ ርዝመት አጭር ነገር። ከ30 ዓመት ባነሰ ዳታ «የአየር ንብረቱ ተለወጠ» ወይም «አልተለወጠም» ለማለት አትቸኩሉ። ግራፉ ለምን በዚያ ዓመት እንደጀመረ ሁሌ ጠይቁ፤ ከ1998 የሚጀምር ካያችሁ በተለይ፣ ያኔ ኃይለኛ ኤልኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው በላይ ሲሞቅ) ዓለምን አሙቋት ስለነበር ከዚያ ተነስቶ የሚሰመር መስመር ለጥ ያለ ይመስላል። «በ100 ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ» ሲባልም አንዴ ከመጣ መቶ ዓመት ያርፋል ማለት አይደለም። በየዓመቱ አንድ በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው፤ የ30 ዓመት ብድር ለወሰደ ሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ይጠጋል።

የወደፊቱን የሚያሳዩ ዳታዎች ትንበያ አይደሉም። ሰው ይህን ያህል ጋዝ ቢለቅ ይህ ይሆናል የሚሉ ናቸው። እነዚህ «ቢሆን» መንገዶች ኤስኤስፒ በሚል ስም ይጠራሉ፤ ኤስኤስፒ5-8.5 ከፍተኛ ልቀትን ይዞ ያሰላል፣ ኤስኤስፒ1-2.6 ዝቅተኛ ልቀትን። ዜናው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ «በ2100 እንዲህ ይሆናል» ይላል። እናንተ ቢያንስ ሁለቱን አሳዩ፣ ከአንድ ሞዴልም አትነሱ፤ ብዙ ሞዴሎች የሚሰጡትን ስፋት አስቀምጡ። አለቃችሁ «አንድ ቁጥር ስጠኝ» ማለቱ አይቀርም። መካከለኛውን ስጡት፣ ግን ግራና ቀኙን ከጎኑ ጻፉለት።

ሥራውን ስታስረክቡ ከግራፉ ሥር የዳታውን ስም፣ እትሙንና ያወረዳችሁበትን ቀን፤ ዘመኑንና መነሻ ዘመኑን፤ ከዚያ ዳታው የማያሳየውን ነገር ጻፉ። የመጨረሻውን «ቦታ ይወስዳል፣ አውጣው» የሚላችሁ ይኖራል። ግራፉን አሳንሱና አስገቡት።