«በዘር ነው» ለተባልሽው እህቴ

«እናቴም አክስቶቼም ወፍራሞች ናቸው። እኔም ከ30 ዓመቴ ወዲህ እየጨመርኩ ነው። በዘር ከሆነ ልፋቴ ምን ዋጋ አለው? አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ዘርን በምራቅ የሚያይ ምርመራ ልትልክልኝ ነው፣ ላድርገው?» ብለሽ ጠይቀሻል።

እኔም እንዳንቺው ነኝ። የእናቴ ቤት አዘዞ ነው፤ ከእህቶቿ ቀጭን የሚባል የለም። ልጅ ሆኜ «አጥንቷ ነው» ይሉኝ ነበር። 84 ኪሎ ስገባ አጥንት እንዳልሆነ ገባኝ። የነገረኝ ጎንደር ፒያሳ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ነው። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው፤ መንገደኛው ሰማ አልሰማ ግድ የለውም።

ዘር አለበት፣ አልዋሽሽም። በመንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በሰዎች መካከል ካለው የውፍረት ልዩነት ከ40 እስከ 70 በመቶው ከዘር ጋር እንደሚያያዝ ያሳያሉ። የወንድሜ ሚስት እኔ የምበላውን ትበላለች፣ እንዲያውም ትበልጠኛለች። የሰርጓ ሰሞን ቀሚስ ግን ዛሬም ልክ ይሆናታል። ስለዚህ «አፍሽን ዝጊ» የሚልሽን አትስሚው።

ግን አንድ ጂን (ከወላጅ የምንወርሰው የዲ ኤን ኤ ቁራጭ) ብቻውን የሚያወፍርሽ አይምሰልሽ። በጣም የታወቀው ኤፍ ቲ ኦ የሚባለው ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በአውሮፓውያን ላይ ተገኘ። አወፋሪውን ዓይነት ከእናቱም ከአባቱም የወረሰ ሰው፣ ከሁለቱም ካልወረሰው በአማካይ 3 ኪሎ ገደማ ይከብዳል። በቃ። ሌሎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩት እንደ እድር መዋጮ ጥቂት ጥቂት ነው የሚጥሉት። ብዙዎቹ ሥራቸው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ረሃብና ጥጋብ ላይ ይገባሉ። እኔ ሁለተኛ እንጀራ ካልደገምኩ የማልጠግበው ለዚህ ይሆናል።

ምርመራውን በተመለከተ፣ ወንድሜ ውጭ ሀገር አሠርቶ ነበር። «አደጋህ ከአማካይ በላይ ነው» ተባለ። ከታች በደቃቅ ፊደል ደግሞ ስሌቱ በዋናነት ከአውሮፓ ዘር ሰዎች የተወሰደ ነው ይላል! በእኛ ሀገር መንገድ ስንጠቁም «ከዋርካው ጎን ያለው ቤት» እንል የለ? ተመራማሪዎቹም ያገኙት ብዙ ጊዜ ዋርካውን፣ ማለትም አጠገቡ ያለውን ምልክት ነው፤ ቤቱን፣ ራሱን አወፋሪውን አይደለም። በአውሮፓውያን ዘንድ ዋርካውና ቤቱ አብረው ይወረሳሉ። የአፍሪካ ሕዝብ ግን ከሁሉም የቆየ ነው፤ ዲ ኤን ኤው በብዙ ትውልድ ተቆራርጦ ተቀላቅሏል። እኛ ጋ ዋርካው ኖሮ ቤቱ ላይኖር ይችላል።

የተገላቢጦሹም አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. ትውልደ ናይጄሪያዊው የዘር ተመራማሪ ቻርልስ ሮቲሚና ባልደረቦቻቸው ሴማ ፎር ዲ በሚባል ጂን ላይ አንድ ልዩነት አገኙ። ከመቶ ምዕራብ አፍሪካውያን አንዱ ገደማ አለው፤ ያለው ሰው ከሌለው ከ2 ኪሎ ተኩል በላይ ይከብዳል። አውሮፓውያንና እስያውያን ላይ አልታየም። አውሮፓውያንን ብቻ ቢያጠኑ ኖሮ በጭራሽ አያገኙትም ነበር። «አፍሪካዊ» ማለት ግን አንድ ዘር አይደለም፤ የሌጎሱ ለጎንደር ላይሠራ ይችላል።

ዘር ብቻውን እንደማያወፍር እኔን ያሳመነኝ ግን የአያቴ ነገር ነው። ወገራ ነው የኖረችው፤ ውሃ ስትቀዳ፣ እህል ስትፈጭ። እስክትሞት ድረስ እንደ ሸንበቆ ነበረች። እኔ የእሷው ደም ነኝ፤ ልዩነታችን እኔ ከወንበር ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ሶፋ መሄዴ ነው።

በጾም እቀንሳለሁ ብለሽም አትታለይ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ እኔ ይበልጥ የምጨምረው ያኔ ነበር። ቁርስ የለም፣ እሺ። ከዚያ ፓስቲ፣ ዳቦ፣ ዘይት የጠጣ ፍርፍር፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ። አንድ ቀን የ5 ሊትሩ ጀሪካን ላይ የከፈትኩበትን ቀን በእስክሪፕቶ ጻፍኩበት። ለአራት ሰው በ21 ቀን አለቀ! ሳሰላው በሰው በቀን 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ 500 ካሎሪ የሚጠጋ ከዘይት ብቻ። አሁን በጭልፋ ማፍሰስ ትቼ በማንኪያ እለካለሁ፤ ጀሪካኑ አምስት ሳምንት ይቆያል። ባሌ ወጡ ደረቀ ብሎ ሁለት ወር አኩርፏል።

ከፒያሳ ማራኪም በእግሬ ነው የምሄደው። ከ200 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ያካተተ ጥናት፣ የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ላይ የኤፍ ቲ ኦ ተጽዕኖ በ27 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አብዛኞቹ አውሮፓውያን ናቸው፣ አዎ፤ ግን መራመድን ለመጀመር የእኛን ጥናት አልጠብቅም።

በዓመት ተኩል 77 ደረስኩ። ቀጭን አልሆንኩም፣ አልሆንምም። አንቺም ከሚዛኑ ይልቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ገዝተሽ ወገብሽን ለኪ፤ ለሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ስኳርና ደም ግፊትሽን ታዪ። ድንገት ከጨመርሽ ደግሞ የእንቅርት ዕጢ ችግር ወይም የምትወስጂው መድኃኒት እንዳይሆን ሐኪም ይይሽ።

የአክስትሽ ልጅ ግን ብሯን ምራቅ ላይ አታጥፋ። የመራመጃ ጫማ ትላክልሽ፤ የእግርሽን ቁጥር ዛሬውኑ ጻፊላት።